አክስቴ ከቪዲዮው የቆረጠችው ኮፍያ

አክስቴ ኮምፒውተር የወደደችው በመቀስ ምክንያት ነው። የቪዲዮ መቁረጫውን ፕሮግራም መጀመሪያ የከፈትኩላት ቀን ፊቷን ቅጭም አድርጋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እንደ ጠላት ስታያቸው ቆየችና፣ ድንገት አንዲት ትንሽ የመቀስ ምልክት ላይ ዓይኗ አረፈ። «ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። «መቁረጫዋ ናት» ስላት፣ «በይ እንግዲህ፣ እኛማ እንተዋወቃለን» ብላ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ የሚያስነሳት ጠፋ።

ስለ እሷ ማውራት ከጀመርኩ አላቆምም፣ ቻሉኝ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሰፈሩ «እትዬ መቀስ» ነው የሚላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትቆርጥና ስትሰፋ ስለኖረች። ሰው ሲያልፍ ፊቱን አታይም፣ ልብሱን ነው የምታየው። «ትናንት የመጣው ሰውዬ» ብትሏት ማን እንደሆነ አታውቅም። «ያ ግራ ኪሱ የተንጋደደው» ካላችኋት ግን የቁልፎቹን ቀለም ሳይቀር ትነግራችኋለች። አንዴ ሐኪም ቤት ሄዳ ስትመለስ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብላት፣ «ምን እንዳለኝ እንጃ፣ የጋውኑ እጅጌ ግን ተገልብጦ ነው የተሰፋው» አለችኝ። እንዲህ ናት።

ሐኪም ቤት የሄደችው ለእጇ ነበር። ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት፣ ቀጥሎ በጠመኔ የምታሰምረው መስመር እየተጣመመ አስቸገራት፣ መጨረሻ ላይ የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ አበላሸችና የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና ቁጭ አለች። ቁጭ ማለት ደግሞ ለእሷ በሽታ ነው። ከእኔ ጋር ትጣላለች፣ ከአባቴ ጋር ትጣላለች፣ ሰው ሲጠፋ ከመጋረጃው ጋር ትጣላለች። እኔ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፣ ስልክና ኮምፒውተር ግን ስፈታና ስገጥም ነው ያደግኩት። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጠጋገንኩና ከስፌት መኪናው ጎን አስቀመጥኩላት። «እንዳትሰለቺ ብዬ ነው» አልኳት። እንጀራዋ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ!

ሥራው እኮ ቀላል ነው፣ እኔ እንኳ ችዬዋለሁ። ቪዲዮው ከታች በኩል እንደተዘረጋ ጨርቅ ረዘም ብሎ ይተኛል። ጫፉን ይዘሽ ወደ ውስጥ ስትጎትቺው ያጥራል። መሃሉን መቁረጥ ከፈለግሽ መስመሯን እዚያ ላይ ታቆሚና መቀሷን ትጫኛለሽ፣ ለሁለት ይሰነጠቃል። የማትፈልጊውን ታነሺዋለሽ፣ የቀረውን ታጠጊዋለሽ፣ አለቀ። ማውሱ በጣቷ መንቀጥቀጥ እንዳይዘል ፍጥነቱን ቀነስኩላትና ነገሩ ሁሉ ተስማማት። ሰው መምጣት ጀመረ። ልጁ ቆሞ ሲሄድ የቀረጸ አባት፣ ለሱቁ ማስታወቂያ የሠራ፣ ዘፈን የሞከረ፣ ሁሉም «እትዬ፣ ይቺን አሳጥሪልኝ» ነው።

አንድ አመል ግን አላት። ቁርጥራጭ አትጥልም። ልብስ ስትሰፋም የቆረጠችውን እራፊ ሁሉ በከረጢት ታስቀምጥ ነበር፣ «ደንበኛዋ ለብሳው ሳላይ አልጥልም፣ ብብቷ ላይ ቢጠባት በምን ልቀጥልላት?» እያለች። ኮምፒውተሩ ላይም ያንኑ አመል ይዛ መጣች። ከቪዲዮ የቆረጠችውን እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው አውጥታ «ቁርጥራጭ» የሚል ፎልደር ውስጥ ትከተዋለች። ይሄ ይሁን። የሚያሳብደኝ ደግሞ ዋናውን፣ ሙሉውን ቪዲዮ ማጥፋቷ ነው!

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ የምታጠፊው ቁርጥራጩን ነው እኮ! ሙሉው ካለ ቁርጥራጭ ምን ያደርግልሻል?»

«ሙሉው የት አለ?» ትለኛለች እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ጨርቅ ከተቆረጠ በኋላ ሙሉ ጨርቅ የሚባል ነገር አለ? ልብሱ አለ፣ ቁርጥራጩ አለ። ሌላ ምን አለ?»

«ይሄ ጨርቅ አይደለም!»

«ላፕቶፑ ሞላ እያልሽ የምትጮኺው አንቺ፣ ሁለት ጊዜ አስቀምጪ የምትዪው አንቺ። ሂጂ ወዲያ።»

ከዚህ በላይ አልተከራከርኳትም። እኔስ ምን ቸገረኝ፣ የሰው ልጅ ልደት ቢጠፋ ቤተሰቡ ሌላ ኮፒ አለው ብዬ። የአባቴ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ረዳት የሌለው አውቶቡስ፣ ሾፌሩ ብቻውን የሚነዳው። ሰውዬው ጥሩ ነው፣ ግን ቱግ ባይ ነው። ቱግ ይላል፣ ወዲያው ይበርዳል፣ ከበረደ በኋላ ደግሞ እንደ ልጅ ያፍራል። ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ ተሳፋሪ ጋር አፍ ተካፍቶ ዴፖ ተከሶ ነበር። የስምሪት ኃላፊው «ከእንግዲህ መንገድ ላይ አንድ ጠብ ብትፈጥር መሪ እንዳትነካ» ብሎ አስፈርሞታል። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ከአባቴ አውቶቡስ የኋላ በር አጠገብ የወደቁት። ክንዳቸው ተሰበረ፣ ሐኪም ቤት ተኙ። ልጃቸው ዴፖ መጥታ ከሰሰች፣ «አባቴ እየወረዱ ሳሉ ነው አውቶቡሱን ያስነሳው» ብላ። አባቴ ጉዳዩ እስኪታይ ከሥራ ታገደ።

ቤት ውስጥ አባቴ አንዲት ቃል ብቻ ናት ያለችው፣ «ሰውየው ወርደው ነበር።»

«እንዴት አወቅክ አባዬ? የኋላ በር አይደል?» እለዋለሁ።

«ወርደው ነበር አልኩሽ እኮ!» ይልና ተነስቶ የተወለወለ ጫማውን እንደገና ሊወለውል ይወጣል። ዓይኔን ግን አያየኝም።

ከፌርማታው ፊት ለፊት፣ በሮቹ በሚከፈቱበት በኩል፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለ። ካሜራ አለው። ሄጄ ባለሱቁን ለመንኩት። ቀና ሰው ነው፣ በፍላሽ ገለበጠልኝ። «ፍላሹን ቶሎ መልሺልኝ፣ እኔም ጋ አይቆይም፣ ካሜራው ሲሞላ በላዩ ላይ ነው የሚቀዳው» አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ጫንኩት፣ ፍላሹን መለስኩለት። ዴፖ ስልክ ስንደውል ኃላፊው «አሳጥራችሁ አምጡ፣ የሱቅ ካሜራ ተቀምጬ ስመለከት አልውልም» አለን። ማሳጠር ደግሞ የማን ሥራ ነው? የአክስቴ።

እኔ የጎረቤት ስልክ ከፍቼ ብሎኖቹ እንዳይጠፉብኝ ጎንበስ ብዬ ነበር። አክስቴ ብቻዋን ስታየው፣ ወደ ኋላ ስትመልሰው፣ እንደገና ስታየው ይሰማኛል። አንድ ጊዜ «ውይ ማሙሽ» ስትል ሰማኋት። አባቴን ነው። ፀጉሩ ሸሽቶ አልቆ እንኳን ለእሷ ማሙሽ ነው።

«ምን አየሽ?» አልኳት።

«ምንም። ሲወድቁ ይታያል። አውቶቡሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ በእርጋታ። ጥሩ ነው።» ይህን ስትል መቀሷን ተጫነች። ቀጥላም እንደ ልማዷ ቁራጩን ወደ ቁርጥራጭ፣ ሙሉውን ወደ ቆሻሻ መጣያ ላከችው፣ መጣያውንም ባዶ አደረገችው። ያጠረውን በሌላ ፍላሽ ላይ አደረግኩና ከስልኩ ሳልነሳ ብልጭ አድርጌ አየሁት። አውቶቡስ ይነሳል፣ ሰው ይወድቃል። ሌላ የለበትም። «ከዚህ የተሻለ የለም?» አልኳት። «የለም» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዙራ።

የዴፖው ቢሮ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ውጪ አውቶቡስ ሞተር ባስነሳ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ኃላፊው ጠረጴዛው ጋ፣ ፀሐፊዋ ከጎኑ፣ የሽማግሌው ልጅ በዚህ በኩል፣ አባቴ በዚያ በኩል፣ እኔና አክስቴ ደግሞ ቪዲዮውን ያመጣን ስለሆንን ከኋላ። አባቴ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያሻታል። ልጅቷን አየኋት። ክፉ ሴት አይደለችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ያደረ ሰው ነው የምትመስለው።

ፍላሹ ተሰካ። አውቶቡሱ ይነሳል። ጥጉ ላይ፣ የኋላ በሩ ጋ፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ የበሩን እጀታ እንደያዙ ይጎተቱና ይወድቃሉ።

«አያችሁ?» ልጅቷ ብድግ አለች። «አያችሁ አይደል? ገና እየወረዱ፣ እጃቸው በሩ ላይ እያለ ነው የነዳው!»

ቤት ውስጥ በትንሿ ላፕቶፕ ያየሁት ምንም አይመስልም ነበር። እዚህ ትልቅ ሆኖ ሲታይ እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን በአባቴ ላይ እፈርዳለሁ።

«ድገሚው» አለ ኃላፊው። ፀሐፊዋ ደገመችው። በተደገመ ቁጥር አባቴ ይብስበታል።

«ሰውየው ወርደው ነበር» አለ አባቴ።

«እንዴት አወቅክ? የኋላ በር ነው። በመስታወት አየሃቸው?»

«በመስታወት… አይ።»

«እኮ በምን?»

አባቴ ኮፍያውን ጨመደዳት። «ወርደው ነበር» አለ በድጋሚ፣ ድምፁ አሁን ወደ ሹክሹክታ ወርዶ።

«ይሄ መልስ አይሆንም» አለና ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ እስክሪብቶ ሲነሳ የቤታችን ጣራ አብሮ ሲነሳ ነው የታየኝ።

ይሄኔ አክስቴ ጉልበቴን ጨበጠችኝ።

«ካፖርቱ» አለችኝ በጆሮዬ።

«ምን?»

«የካፖርቱ ዝምዝማት። ከኋላ በግራ በኩል ክሩ ተፈቶ ተንጠልጥሏል፣ አየሽው? እኔ ይሄን ካፖርት አይቼዋለሁ። መንገዱ ዳር ቆሞ።»

«የት ነው ያየሽው?»

«የቆረጥኩት ላይ። ጥጉ ላይ። ይሄን ዝምዝማት ማን ነው እንዲህ የተወው ብዬ ተናድጄ አልፌዋለሁ። ወርደዋል! ሰውየው ወርደው መሬት ላይ ቆመው ነበር!»

«ታዲያ ለምን ቆረጥሽው?» ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ የተናገርኩት፣ ኃላፊው ቀና አለ።

አክስቴ ተነስታ ቆመች። «ማሙሽ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ማሙሽ የሚባለው ማን ይሆን ብለው ሁሉም ዞር ዞር አሉ። አባቴ ብቻ ነው ያልዞረው።

«ማሙሽ፣ ኮፍያዋን ልናገር ነው።»

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ፣ አይሆንም ለማለት። እኔ ምንም አልገባኝም። ምን ኮፍያ? አክስቴ ግማሽ ቁጭ፣ ግማሽ ቆማ ቀረች። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ውጪ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። አባቴ እየራቀ የሚሄደውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«እሺ እታለም» አለ። «ተናገሪ።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች አክስቴ ለኃላፊው። «ከዚህ በፊት ያለው ክፍል ነበረ። ወንድሜ ከአውቶቡሱ ወርዶ ከአንድ ሞተረኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ያሳያል። ኮፍያውን ሲወረውርበት። ከጠብ ተጠንቀቅ እንዳላችሁት ስለማውቅ፣ ይሄን ካያችሁ ታባርሩታላችሁ ብዬ ቆረጥኩት። እሱን እሱን ሳይ ነው ሽማግሌውን ያላየኋቸው።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ግን የንዴት ሳቅ ነው። «አሁን ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ሊፈጥሩ ነው!»

«እናቴ» አለ ኃላፊው፣ መነጽሩን አውልቆ። «ቆርጠው ያመጡት እርስዎ፣ የቆረጥኩት አለ የሚሉት እርስዎ። እኔ በምን ልመን?»

«ቁራጩ ይምጣና ይዩት።»

«ምሳ ሰዓት ነው። ከምሳ ስመለስ ውሳኔዬን እጽፋለሁ። እስከዚያ ካመጣችሁ አየዋለሁ፣ ካላመጣችሁ የለም።»

ስሮጥ ያያችሁኝ ካላችሁ ይቅርታ፣ ሰላም ያላልኳችሁ ለዚህ ነው። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከነ ቻርጀሩ አቀፍኩት፣ ባትሪው የሞተ ስለሆነ ያለ ቻርጀር አይነሳም። ፎልደሩ ውስጥ መኖሩን እዚያው ከፍቼ ላረጋግጥ አልኩና ተውኩት፣ ከሌለ መንገድ ላይ እግሬ አይሸከመኝም ብዬ። ስመለስ አባቴ ዴፖው በር ላይ ቆሟል፣ አክስቴ ደግሞ አጠገቡ። ሁለቱም ጫማቸውን ነው የሚያዩት።

ኃላፊው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ሶኬቱ ላላ ያለ ነው፣ ሲሰካ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ደግፌ ያዝኩት። በራ። ተመስገን ስል፣ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «እባክዎ ይጠብቁ፣ በማዘመን ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ።»

«ምን እያለ ነው?» አለ ኃላፊው።

«ትንሽ… ትንሽ ጠብቁኝ እያለ ነው» አልኩት። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ፣ ሶኬቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ላብ አሰመጠኝ። እጄ ከተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ከጠፋ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፣ ይሄን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የመቶኛው ቁጥር ይጨምራል፣ ይቆማል፣ ይጨምራል፣ ይቆማል። ክንዴ ዛለ። ልጅቷ እግሯን ታወዛውዛለች። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ቆየና ደግሞ አየ።

«እህቴ፣ እኔ ሌላ ሥራ አለኝ…»

«በራ!» ብላ ጮኸች አክስቴ።

ተቀመጠች። ፎልደሩን ከፈተች። «ቁርጥራጭ»። ከሥሩ የልጆች ዳዴ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የዘፋኝ ሳል፣ ሁሉም ተደርድሯል። ወረደች፣ ወረደች። አለ! የአባቴ አውቶቡስ እንደ ፖስታ ቴምብር ትንሽ ሆኖ ተቀምጧል።

«እሱን ብቻውን ብታሳዩኝ አልቀበልም» አለ ኃላፊው። «የሌላ ቀን ቢሆንስ? አንድ አውቶቡስ እኮ በቀን ስንቴ ነው እዚያ ፌርማታ የሚቆመው።»

«ልክ ነህ» አለች አክስቴ። «እኔም ስፌቱ ሳይገጥም ልብስ አልረከብም።»

ቁራጩን ታች ካለው መስመር ላይ አስቀመጠችው። ያጠረውን ከኋላው ልታጠጋው ያዘች። እጇ ተንቀጠቀጠና ቪዲዮው ዘለለ። እንደገና ያዘችው፣ እንደገና ዘለለ። እኔ ከሥር ሆኜ «ልርዳሽ?» አልኳት፣ ሶኬቱን ለማን እንደምሰጠው እንጃ። «ተይ» አለችኝ። ግራ እጇን አምጥታ የቀኝ አንጓዋን እንደ ጨርቅ ተጭና ያዘችው፣ ድሮ ካሬ ካሬ ያለው ጨርቅ ስታገጣጥም እንደምታደርገው። ቀስ እያለች አስጠጋችው። ተጣበቀ።

«አሁን የተጣበቀበትን ቦታ እዩልኝ» አለች። «ያንን ብስክሌት እዩ። የቆረጥኩት መሃሉ ላይ ነው።»

ቁራጩ መጨረሻ ላይ የአንድ ዕቃ አድራሽ ብስክሌት የፊት ጎማው ብቻ ገብቷል። ያጠረው ቪዲዮ ደግሞ የሚጀምረው በዚያው ብስክሌት ወገብ ነው። አጫወተችው። ብስክሌቱ ስፌቱን ሳያውቀው አልፎ ሄደ። ጥጉ ላይ ያለው የካሜራው ሰዓትም አንዲት እርምጃ ሳይዘል ቆጠረ። ኃላፊው ወንበሩን ይዞ ወደ ፊት መጣ። «ከመጀመሪያው» አለ።

ከመጀመሪያው አጫወተችው። አውቶቡሱ ቆሟል። አንድ ሞተረኛ በአውቶቡሱና በእግረኛ መንገዱ መሃል እንደ እብድ ሰንጥቆ ይገባል፣ የሚወርዱትን ሰዎች ለጥቂት ስቶ። አባቴ ከፊት በር ዘሎ ወረደ። እጁን ያወናጭፋል። ድምፅ የለውም እንጂ ምን እንደሚል ቤታችን ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። ሞተረኛው ሲያመልጠው ኮፍያውን ከራሱ ነጥቆ ወረወረበት። ኮፍያዋ ነፋስ ላይ ተንሳፍፋ ተመለሰችና ከአውቶቡሱ ኋላ አረፈች። ፀሐፊዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አፏን ያዘች።

እና ጥጉ ላይ፣ አባቴ ኮፍያውን ሊያነሳ ሲሄድ፣ ከኋላ በር ያ ካፖርት ይወርዳል። አንድ እግር። ሌላ እግር። ሽማግሌው መሬት ላይ ቆሙ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። አባቴ በአጠገባቸው እያለፈ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ያራግፋል፣ እንዲያውም ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ገባ። በሩ ተዘጋ። ሽማግሌው ድንገት ክንዳቸውን፣ ብብታቸውን ዳበሱ፣ ዞረው ሮጡ፣ የተዘጋውን በር እጀታ ያዙ። ብስክሌቱ አለፈ፣ አውቶቡሱ ተነሳ። ወደቁ።

ሶኬቱን እንደያዝኩ አንገቴን አውጥቼ ልጅቷን አየኋት።

«ጃንጥላው» አለች በቀስታ። «ሐኪም ቤት ጃንጥላዬ፣ ጃንጥላዬ ሲሉኝ… እየቃዡ ነው ብዬ ተውኩት።»

ፀሐፊዋ ወጣ ብላ የተረሱ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን ሣጥን ፈተሸች። ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ተመለሰች፣ እጀታው በክር የተጠመጠመ። ልጅቷ ተቀበለቻትና ፊቷን በጃንጥላው ሸፍና አለቀሰች። አባቴ ተነስቶ አጠገቧ ሄደ። «ሳልሰናበታቸው አልሄድኩም» አላት። «በመስታወት አላየሁም። እሱ እውነት ነው። ማየት ነበረብኝ።»

ኃላፊው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰና ተናገረ። በመውደቃቸው አባቴ ጥፋተኛ አይደለም፣ ከሥራ አይባረርም። ኮፍያዋ ግን ቀልድ አይደለችም፣ ፈርመሃል አለው። ስለዚህ ለጊዜው መሪ አይዝም፣ እዚያው ዴፖ አውቶቡስ እያጠበ ይቆያል፣ ጠባዩ ታይቶ ይመለሳል። አባቴ «እሺ» አለ። እሱ «እሺ» ሲል መስማት እንዴት ያለ ብርቅ ነገር እንደሆነ እናንተ አታውቁም።

ስንወጣ በር ላይ አባቴ ቆመ።

«ኮፍያዋን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«አንተስ? ወርጄ ነበር፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ ብትል ምን ነበረበት? ሥራህን ልታጣ እኮ ነው!»

«ከሞተረኛ ጋር ስደባደብ ነበር ልበል?»

«ኮፍያ መወርወር ድብድብ ሆነ እንዴ? እሷስ ብትሆን መች አገኘችው!»

አባቴ ሊቆጣ ጀምሮ ነበር፣ ቱግ ሊል። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። አክስቴም ሳቀች። እኔ ላፕቶፑን እንዳቀፍኩ ከሁለቱም የበለጠ ሳቅኩ። መሳቅ ሳይሆን ማልቀስ ነበር መሰለኝ።

ልጅቷ ካፖርቱን ይዛ የመጣችው በኋላ ነው፣ አባቷ ከሐኪም ቤት ሲወጡ። «ዝምዝማቱን የሚያስተካክል ሰው አለ አሉኝ» አለች። አክስቴ ካፖርቱን ስታይ ዓይኗ በራ። አንሶላውን ከስፌት መኪናው ላይ ገፈፈችው። ክሩን እኔ አስገባሁላት፣ ጨርቁን አባቴ ወጥሮ ያዘላት፣ እሷ ነዳችው። ስፌቱ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ትንሽ ይወላገዳል። ግን ከውስጥ በኩል ስለሆነ አይታይም።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ አባቴ አልተነሳም። ኮፍያውን ከራሱ አወለቀና አክስቴ ፊት አስቀመጠው።

«እታለም» አለ፣ እንደ ልጅ እያፈረ። «መሪ ሊመልሱልኝ ነው። ከአገጬ ሥር የምትታሰር ላስቲክ ብትሰፊላት ምን ይመስልሻል?»